ጥለቱ ውሃውን ሲከተል፦ ጎርፍን በኮምፒዩተር ማስላት፣ ከጦሳ እስከ ጨፋ

ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ወጥቶ፣ ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ሳለ የቦርከና ወንዝ በድንገት ይሞላል። ዝናቡ የወረደው እዚያ አይደለም፤ ከላይ ደሴ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተጠራቀመው ውሃ ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል፤ ታች ያለው ሰው ጠብታ ሳይነካው ደራሽ ይመጣበታል።

አንድ ክረምት የወንዙን ዳር እየለካሁ ሳለ ከብቶቻቸውን ሊያሻግሩ የመጡ አንድ አባት ቆም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምኑን ነው የምትለካው?»

«ጎርፉ የት ድረስ እንደሚወጣ በኮምፒዩተር ልናሰላ ነው፣ አባቴ።»

ወደ ደሴ አቅጣጫ ቀና ብለው አዩና፣ «አብሽር፣ ደግ ሥራ ነው። ግን በስንት ሰዓት እንደሚደርስስ ይነግርሃል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን የሙያውን ዋና ችግር በአንድ ዐረፍተ ነገር የያዘ ነበር፦ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ካልፈጠነ አይጠቅምም፤ ፈጥኖ ትክክል ካልሆነም አይጠቅምም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለማስታረቅ ስለሚሞክር አንድ ዘዴ ነው። ራሱን ከውሃው ጋር የሚያስማማ የስሌት መረብ ይባላል።

መረቡ ምን እንደሆነ ልጀምር። ኮምፒዩተር ተራራን እንደ ተራራ አያውቅም። መሬቱን በቁርጥራጭ ከፍለን ነው የምንሰጠው። የወንፊትን ቀዳዳ «ዓይን» እንደምንለው፣ እኔም የመረቡን እያንዳንዱን ቁራጭ ዓይን እለዋለሁ። እያንዳንዱ ዓይን የራሱ የመሬት ከፍታ አለው። ከዚያ ውጪ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል፦ የውሃው ጥልቀት፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ የሚሄድበት ፍጥነት፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ የሚሄድበት ፍጥነት። ኮምፒዩተሩ ዓይኖቹን አንድ በአንድ እየዞረ ይጠይቃል፦ ከጎረቤቶችህ ስንት ውሃ ገባ? ስንት ወጣ? ከሰማይ ስንት ወረደ? መሬቱስ ስንት ጠጣ? ይህ የውሃ ሒሳብ ነው፤ የገባው ከወጣውና ከተጠራቀመው ጋር እኩል መምጣት አለበት። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ግፊት ነው፦ ቁልቁለቱ ምን ያህል ይስበዋል? ጎረቤት ያለው ውሃ ምን ያህል ይገፋዋል? ድንጋዩ፣ ቁጥቋጦው፣ ሣሩ ምን ያህል ይይዘዋል? እነዚህን ሕጎች በእኩልታ የጻፈው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ባሬ ደ ሴን-ቬናን ነው፣ በ1871 እ.ኤ.አ.። ዛሬም የጎርፍ ሶፍትዌር ሁሉ ማለት ይቻላል ከእሱ እኩልታ ወይም ከዚያ ከተቀነሰ አንድ ዓይነት ይነሣል።

የውሃውን ብዛት በቁጥር ማየት ይረዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ 30 ሚሊዮን ሊትር ይወርዳል። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ሲሰላ 3,000 ቦቴ ነው። መሬቱ ከዚህ የተወሰነውን ይጠጣል። ከጦሳ ወገብ ላይ ግን፣ አፈሩ ስስ በሆነበትና ቁልቁለቱ በከፋበት፣ የሚተርፈው ብዙ ነው።

እንግዲህ የዓይኑ ስፋት ስንት ይሁን? ችግሩ ሁሉ እዚህ ነው።

እኔ ሥራውን ስጀምር እያንዳንዱን ዓይን 30 ሜትር በ30 ሜትር አደረግሁት። ምክንያቴ ቀላል ነበር፤ ለሁሉም በነፃ የተሰጠው የሳተላይት ከፍታ መረጃ በዚያ ልክ ነው የሚመጣው። ሞዴሉን አስጀምሬ ውጤቱን ስከፍት ከደሴ በታች ማንም አይቶት የማያውቅ ሐይቅ ተኝቷል። ቦርከና ወደ ኮምቦልቻ አልወረደም፤ ዶሮ መዝለያ ላይ ቆሟል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ከስሙ ይገምታል። ዶሮ የምትዘለው የሚያህል ጠባብ ነው ተብሎ የተሰየመ ገደል ነው፤ የደሴ ውሃ ሁሉ በዚያ በር ነው የሚወጣው። ወንዙ የሚያልፍበት ስንጥቅ ከአንዱ ዓይኔ ይጠባል። ኮምፒዩተሩ የገደሉን ወለልና የግራ ቀኙን ቋጥኝ አማካይ ወስዶ አንድ ቁጥር ሰጠው፣ ያ ቁጥር ደግሞ ከወንዙ ወለል በላይ ግድግዳ ሆነ። ሳላውቀው ግድብ ሠርቻለሁ።

«ታዲያ ዓይኑን አጥብበው» ይባላል። እሺ፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር እናድርገው። 300 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ተፋሰስ፣ ማለትም ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበት መሬት፣ እንውሰድ። በ30 ሜትሩ ወደ 333,000 ዓይኖች ይበቁታል። በ2 ሜትሩ 75 ሚሊዮን ይሆናሉ፣ 225 እጥፍ ማለት ነው። ግን ጭማሪው በዚህ አያበቃም። ኮምፒዩተሩ ጊዜንም በትንንሽ እርምጃ ነው የሚሄደው፣ እርምጃው ደግሞ በዓይኑ ስፋት ይወሰናል። የውሃው ወሬ፣ ማለትም በፍሰቱ ላይ የመጣው ለውጥ፣ በአንድ እርምጃ ከአንድ ዓይን አልፎ መዝለል የለበትም፤ ከዘለለ ስሌቱ ያብድና ቁጥሮቹ ይፈነዳሉ። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ የተባሉ ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ያሳዩት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በሰከንድ 3 ሜትር ቢሮጥና ማዕበሉም በዚህ ፍጥነት ላይ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ቢጨምር፣ ወሬው በሰከንድ 6 ሜትር ይጓዛል። በ30 ሜትር ዓይን እርምጃው 5 ሰከንድ ሊሆን ይችላል። በ2 ሜትር ዓይን ግን ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ 225 እጥፉ በ15 ይባዛል፤ 3,375 እጥፍ። በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው ስሌት 140 ቀን ይፈጃል። ሰኔ ላይ አስጀምሮ ጥቅምት መውጫ ላይ ውጤት መቀበል ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ።

ሐሳቡ የገባኝ ሽመና ላይ ነው። ሸማኔ ነጠላ ሲሠራ ሰፊው አካል ነጭና ያው ነው፤ ሐሳቡ፣ ቀለሙ፣ ጊዜው የሚያልቀው ጥለቱ ላይ ነው። ነጠላውን ሙሉ ጥለት እያደረገ የሚሸምን የለም። ተፋሰስም እንዲሁ ነው። ከከሚሴ ወዲህ ያለው የጨፋ ሜዳ ላይ ውሃ ቀስ ብሎ ይተኛል፤ እዚያ ዓይኑ 32 ሜትር ወይም 64 ሜትር ቢሆን የሚጠፋ ነገር የለም። ዶሮ መዝለያ ላይ፣ የመንገድ ዳር ቦይ ላይ፣ ድልድይ ሥር ግን እያንዳንዱ ሜትር ይቆጠራል። ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትሩ 5 በመቶው ብቻ 2 ሜትር ቢሆንና የቀረው 32 ሜትር ቢሆን፣ ዓይኖቹ ከ75 ሚሊዮን ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ ይወርዳሉ። 140 ቀኑ ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ይወርዳል፣ ኮምፒዩተሩ ያው ሆኖ። ሰፋፊዎቹ ዓይኖች የራሳቸውን ረጅም እርምጃ እንዲራመዱ ከተፈቀደላቸው ደግሞ ከዚያም ያጥራል።

እስካሁን ያልኩት ጥለቱ አስቀድሞ ተወስኖ በቦታው የሚቆይበትን መረብ ነው። የእኔን የዶሮ መዝለያ ግድብ ለማፍረስ ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር። የበለጠው ብልሃት ጥለቱ ሲንቀሳቀስ ነው።

አሠራሩን በአንድ ዓይን ላይ እንይ። ከጦሳ ሥር 64 ሜትር በ64 ሜትር የሆነ አንድ ዓይን አለ እንበል። ዝናቡ ሲጀምር ዳገቱ ሁሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውሃ ይርሳል። ከዓይኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው የሚለይ ነገር ስለሌለ እንዳለ ይቆያል። ቆይቶ ውሃው ወደ አንዲት ስርጥ መሰብሰብ ይጀምራል፤ በአንዱ ጥግ ጥልቀቱ ያድጋል፣ በሌላው ይሳሳል። ልዩነቱ አስቀድመን ከፈቀድነው መጠን ሲያልፍ ዓይኑ ለአራት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 32 ሜትር ይሆናል። ስርጧ ያለችበት እንደገና ለአራት፣ 16። ከዚያ 8፣ 4፣ 2። አምስት ጊዜ በመከፋፈል 2 ሜትር ላይ ተደረሰ፤ ግን ስርጧን ተከትሎ ብቻ እንጂ ዳገቱን ሁሉ አይደለም። ሁሉም ቢከፈል ኖሮ ያ አንድ ዓይን 1,024 ይሆን ነበር። አንድ ደንብ ይጠበቃል፦ ጎን ለጎን ያሉ ዓይኖች ከአንድ ደረጃ በላይ አይበላለጡም። 2 ሜትሩ ከ64 ሜትሩ ጋር ቢዋሰን ውሃው በድንበሩ ላይ ይደናበራል። ደራሹ ካለፈና ውሃው ከጎደለ በኋላ አራቱ ተመልሰው አንድ ይሆናሉ። የጎርፉ ግንባር ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደቃቁ ክፍል አብሮት ይወርዳል።

ይህ ሐሳብ ከጎርፍ የመጣ አይደለም። ማርሻ በርገርና ጆሴፍ ኦሊገር በ1984 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ለማዕበልና ለመሰል ስሌቶች ሁሉ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሱናሚ፣ ወደ ግድብ መደርመስ፣ በመጨረሻም ወደ ዝናብ ጎርፍ ደረሰ። ከሱናሚ ወደ ዝናብ ሲሻገር ግን አንድ ነገር ተለወጠ፣ ይህንን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ግድብ ሲደረመስ ውሃ ያለበትና የሌለበት በግልጽ ይለያል፤ እርጥቡን ደቃቅ፣ ደረቁን ሰፊ ማድረግ በቂ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ግን ሁሉም እርጥብ ነው። «እርጥብ የሆነውን ከፋፍል» ካልነው መረቡ በሙሉ ይደቅቅና ወደ 140 ቀናችን እንመለሳለን። ስለዚህ ጥያቄው «ውሃ አለ ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ውሃው እዚህ ይለዋወጣል ወይ? መሬቱስ?» ይሆናል። የልዩነቱን ገደብ መምረጥ የባለሙያው ኃላፊነት ነው። በጣም ከጠበቀ ትርፉ ይጠፋል፣ በጣም ከላላ ቦዩ ይጠፋል።

መክፈሉ ቀላል ነው። መልሶ አንድ ማድረጉ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው፤ ጊዜ የማጠፋበትም እዚህ ነው። አራት የ2 ሜትር ዓይኖች ጎን ለጎን አሉ። ሦስቱ አስፋልት ናቸው፣ ደረቅ። አራተኛው 1 ሜትር ዝቅ ያለ ቦይ ነው፣ ውስጡ 40 ሳንቲ ሜትር ውሃ አለ። የውሃው ፊት ከአስፋልቱ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ማንንም አያሰጋም። አሁን አራቱን አንድ እናድርጋቸው። ውሃው 1.6 ሜትር ኩብ ነበር፣ በ16 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይሆናል። የውሃ ሒሳቡ አልተዛባም። የመሬቱ አማካይ ግን ከአስፋልቱ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ሆነ፣ የውሃውም ፊት ከአስፋልቱ 15 ሳንቲ ሜትር በታች ደረሰ። አንድ ጠብታ ሳይጨመር ውሃው 45 ሳንቲ ሜትር ወጣ። ቦዩ ጠፋ፣ መንገዱም ረጠበ። ጥሩ ፕሮግራም አራቱን ከማዋሐዱ በፊት ይህንን ያያል፤ የመሬቱ ልዩነት ከባድ ከሆነ ውሃው ጸጥ ቢልም አያዋሕዳቸውም።

ፕሮግራሙ መታመኑን የምንፈትነው ደግሞ፣ ነገሩ ያስገርማል፣ ምንም በማይንቀሳቀስ ውሃ ነው። ሐይቅን አስቡት፣ ከደሴ ወደ ሰሜን ያለውን። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ፣ ወንዝ ሆኖ የሚወጣለት መውጫ የለውም። ነፋስ የሌለበት ቀን ምን ይሆናል? ምንም። ፕሮግራሙም ምንም ማሳየት የለበትም። ነገር ግን የሐይቁ ወለል ተዳፋት ነው፤ ተዳፋቱ ውሃውን ወደ መሐል ይስበዋል፣ የጥልቁ ውሃ ግፊት ወደ ዳር ይመልሰዋል፣ ሁለቱ ልክ እኩል ሆነው መጠፋፋት አለባቸው። በስሌቱ ውስጥ በጥቂቱ እንኳ ካልተካከሉ ሐይቁ በራሱ ጊዜ መፍሰስ ይጀምራል። ጸጥ ያለ ሐይቅ ላይ ማዕበል የሚያስነሣ ፕሮግራም ለቦርከና አይታመንም። መረቡ ሲከፋፈልና ሲዋሐድም ይህ ጸጥታ መጠበቅ አለበት።

መረቡ ሁልጊዜ ካሬ አይደለም። ሦስት ማዕዘን ዓይኖች የወንዝን መታጠፍ በደንብ ይከተላሉ፤ ከአውስትራሊያ የመጣው አኑጋ የሚሠራው በዚህ ነው። ለአራት የሚከፋፈለውን የካሬ መረብ ለሚፈልግ ባሲሊስክ አለ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት ሄክ-ራስ፣ በእኛ አገር ብዙ የውሃ ባለሙያ የሚያውቀው፣ በሌላ መንገድ ይሄዳል፦ ዓይኑን ሰፊ አድርጎ ውስጡ ያለውን ደቃቅ የመሬት ቅርፅ ግን ይመዘግባል፣ ውሃው በስንት ከፍታ ላይ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚይዝ ያውቃል። ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። በሄክ-ራስ ለሚሠራ አንድ ምክር፦ ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ ካለ የዓይኖቹን ጠርዝ በመንገዱ አናት ላይ አስተኙት። መንገዱ በዓይኑ መሐል ካለፈ ውሃው እንደሌለ ቆጥሮ ከወዲያ ማዶ ይገኛል።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። መረብ ማድቀቅ እውቀት አይጨምርም። የሳተላይቱ ከፍታ በ30 ሜትር አንድ ቁጥር ከሆነ፣ እሱን በ2 ሜትር መበጣጠስ ያንኑ ቁጥር 225 ጊዜ መጻፍ ነው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር የለካችው ከፍታ ለብዙ ሥራ ባለውለታችን ነው። ራዳሩ ግን መሬቱን ብቻ አላየም፤ ጣሪያና ዛፍም አይቷል። ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት የደሴ ዳገት ላይ መንገዱ ከጣሪያው ጋር ተደባልቆ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ጎርፉ የሚሮጥበት ያው መንገድ ሆኖ ሳለ። የሳተላይት ዝናብም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፤ አይመርግ የተባለው መረጃ በየግማሽ ሰዓቱ ቢመጣም አንዱ ዓይኑ ወደ 11 ኪሎ ሜትር በ11 ኪሎ ሜትር ነው። ጦሳ ላይ የወረደውን ከባድ ዝናብና ከተማው ላይ ያንጠባጠበውን አንድ ላይ አድርጎ ይነግረናል። ስለዚህ ጥለት በሚሆነው ቦታ ላይ ሰው መውረድ አለበት፦ በድሮን፣ በመለኪያ መሣሪያ፣ ካልሆነም በሜትር። ደስ የሚለው ቦታው ትንሽ መሆኑ ነው። መረቡ የት ደቃቅ መሆን እንደሚፈልግ ራሱ ያሳየናል፤ የምንለካውም እዚያ ነው።

ለቆቦ ሜዳ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል። ጎሊናና ሆርማት የተባሉት ወንዞች ከተራራው ሲወርዱ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ያስገባል። እዚያ ጎርፉ የሚፈለግ ነው፤ ማወቅ የሚያስፈልገው ለየትኛው ማሳ ስንት ውሃ እንደሚደርስና ጠለፋውን እንዳይጠርገው ነው። ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ክትር በ30 ሜትር ዓይን ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ደቃቁ መረብ ክትሩን ተከትሎ ሲሄድ ግን ውሃው ወዴት እንደሚዞር ይታያል።

ወንዙ ዳር ያገኘኋቸውን የእኚያን አባት ጥያቄ አልረሳሁም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ወንዙ የሚሄደውን ለስሌት 20 ኪሎ ሜትር እንበል። ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢሮጥ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅበታል። ዝናቡ መውረዱ ከታወቀበት እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ያለን ጊዜ ይኸው ነው፤ መረጃው ተቀብሎ፣ ስሌቱ አልቆ፣ ስልክ ተደውሎ፣ ከብትና ሕፃን እስኪወጣ ድረስ። ስሌቱ ከዚህ ውስጥ 10 ደቂቃ ቢወስድ ነው የሚበቃው። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የደረሰባትን የሚያስታውስ ሰው የደቂቃን ዋጋ ያውቃል፤ ከ200 በላይ ሰው ነበር የሞተው። 2 ሜትር እኩል መረብ ለዚህ አይደርስም። ውሃውን የሚከተል መረብ፣ በተለይ ለምስል በተሠራው ፈጣን የኮምፒዩተር ካርድ ላይ ሲጫን፣ ሊደርስ ይችላል። ካልደረሰም አስቀድሞ በጋውን ሙሉ የተለያየ ዝናብ እያስዘነብን ካርታውን አዘጋጅተን ማስቀመጥ እንችላለን፦ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ እስከዚህ፣ 40 ከሆነ እስከዚያ።

ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ አንድ የመንገድ ሥር ቱቦ ልለካ ወረድኩ። በግንባታው ሥዕል ላይ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ባትሪ አብርቼ ወደ ውስጥ ሳይ ግማሹን ደለል ሞልቶታል፣ ከደለሉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስና አንድ ነጠላ ጫማ ተቀብረዋል። ማታ ሞዴሉን ሁለት ጊዜ አስኬድኩት፣ በዚያው ዝናብ። ቱቦው ክፍት ሲሆን ውሃው አልፎ ቦርከና ይገባል። ግማሹ ሲዘጋ በላይኛው በኩል ይጠራቀማል፣ መንገዱን ይሻገራል፣ ከመንገዱ በታች ባሉት ቤቶች መካከል ይገባል። በሁለቱ ስሌቶች መካከል የተለወጡት ሦስት ዓይኖች ብቻ ነበሩ። ምስሉን አትሜ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቀበሌው ይዤ ሄድኩ።